ለመኮንንነት ሥልጠና ዝግጅት፦ ከጤና ምርመራው እስከ ካምፑ በር

ለመኮንንነት ሥልጠና የሚያመለክት ሰው አብዛኛውን ጊዜ ዝግጅቱን የሚጀምረው ከሩጫ ነው። ማለዳ ተነስቶ ይሮጣል፣ ማታ ፑሽ አፕ ይቆጥራል፤ የጤና ምርመራው ቀን ሲደርስ ግን ባዶ እጁን ይሄዳል። ከእኔ ጋር ካመለከቱት መካከል መንገድ ላይ የቀሩትን ሳስብ ወኔ ወይም ጉልበት አንሷቸው የቀሩ ትዝ አይሉኝም። አንዱ የቆየ የኦፕራሲዮን ወረቀት አጥቶ ቀረ። ሌላዋ ሥልጠናው ሊጀመር ሁለት ሳምንት ሲቀረው ሩጫ አብዝታ የእግሯ አጥንት ተሰነጠቀ። ሁለቱንም ማዳን ይቻል ነበር፤ ይህን የምጽፈውም እናንተ በዚያው መንገድ እንዳትቀሩብኝ ነው።

ዝርዝር መስፈርቱ ከአገር አገር፣ ከምድር ጦር ወደ አየር ኃይልና ባሕር ኃይል ይለያያል። ስለዚህ ከሁሉ በፊት ያመለከታችሁበት ጦር ያወጣውን የጤና መስፈርት ፈልጋችሁ በራሳችሁ ዓይን አንብቡ። “እገሌም መነጽር አለው፣ ግን አልፏል” የሚለውን ወሬ ተዉት። መስፈርቱ በየጊዜው ይሻሻላል፤ የእገሌ ፋይል ውስጥ ምን እንዳለም አታውቁም። ከዚህ በታች ያለው ግን የትም ብታመለክቱ የሚሠራ ነው።

ጊዜውን ወደኋላ ቁጠሩ

ሥልጠናው ከሚጀመርበት ቀን ወደኋላ ቢያንስ ስድስት ወር ቁጠሩ። ይህ ጊዜ የሚያስፈልገው ለስፖርቱ ብቻ አይደለም። የቆየ የሕክምና ወረቀት ከመዝገብ ቤት ማውጣት ሳምንታት ይፈጃል፤ የተበላሸ ጥርስ ማሠራት ቀጠሮ ይጠይቃል፤ የዓይን ሌዘር ሕክምና ከተደረገ በኋላ ደግሞ የግድ የሚጠበቅ ጊዜ አለ። በአሜሪካ ጦር ለምሳሌ ከዓይን ሌዘር ሕክምናው በኋላ 180 ቀን ያልሞላው አመልካች አያልፍም። “ሳመለክት አሠራዋለሁ” ብሎ የሚያዘገይ ሰው በራሱ ላይ በር ይዘጋል።

የጤና ፋይላችሁን አደራጁ

ወረፋ እየጠበቅን ሳለ ከፊቴ የነበረው ልጅ ሱሪውን እስከ ጉልበቱ ሰብስቦ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጧል። ሐኪሙ ጉልበቱ ላይ ያለውን ጠባሳ በጣታቸው ዳሰስ አደረጉና ጠየቁት።

“ይሄ የምንድን ነው?”

“ልጅ ሆኜ ኦፕራሲዮን ሆኜ ነው፣ ዶክተር። አሁን ድኛለሁ።”

“ምኑን ነው ያስተካከሉት? ጅማቱን ነው ወይስ ሜኒስከሱን?”

“እሱን አላውቅም።”

“ወረቀቱ አለህ?”

አልነበረውም። ቁጭ ብድግ አሰኙት፣ በአንድ እግሩ አዘለሉት፣ ጉልበቱ ምንም አልሆነም። ግን ሐኪሙ ውስጡ ምን እንደተሠራ ሳያውቁ መፈረም አይችሉምና ወረቀቱን ይዞ እንዲመለስ ነገሩት። ወረቀቱ እስኪገኝ የዚያ ዙር ቅበላ ተዘጋ።

ስለዚህ አንድ ክላሰር ግዙና ከልጅነታችሁ ጀምሮ ያለውን በቅደም ተከተል አስገቡ። ኦፕራሲዮን ሆናችሁ ከነበረ ኦፕራሲዮኑን የሠራው ሐኪም የጻፈው ሪፖርት፣ ከሆስፒታል ስትወጡ የተሰጣችሁ ማጠቃለያ፣ እንዲሁም “ሙሉ በሙሉ ድኗል፣ ገደብ የለበትም” የሚል የቅርብ ጊዜ የስፔሻሊስት ማስረጃ ያስፈልጋሉ። ሦስቱ የተለያዩ ወረቀቶች ናቸው፤ አንዱ ሌላውን አይተካም። አጥንት ተሰብሮ ከነበረ ራጁን ጨምሩ፤ ውስጡ ብረት ቀርቶ እንደሆነና እንዳልሆነ በጽሑፍ ይኑር። መነጽር የምታደርጉ የቅርብ ጊዜ የመነጽር ማዘዣችሁን፣ መድኃኒት የምትወስዱ የመድኃኒቱን ስም፣ መጠንና የጀመራችሁበትን ቀን፣ ሁላችሁም ደግሞ የክትባት ካርዳችሁን አስገቡ።

ከዚያ በአንድ ገጽ የራሳችሁን የጤና ታሪክ በአጭሩ ጻፉ፦ ዓመት፣ ምን እንደሆነ፣ የት እንደታከማችሁ፣ መቼ እንደዳነ። ይህችን ገጽ ቀላል አድርጋችሁ አትዩአት። የጤና ቅጹ ላይ “ራስህን ስተህ ታውቃለህ? የሚጥል በሽታ ነበረብህ? አስም ነበረብህ? ለጭንቀት ወይም ለእንቅልፍ ታክመህ ታውቃለህ?” የሚሉ ጥያቄዎች ተደርድረው ይመጣሉ። ቤት ተረጋግታችሁ የጻፋችሁት ገጽ ከፊታችሁ ከሌለ ቀኑን ታሳስታላችሁ፤ ቅጹ ላይና በቃል የሰጣችሁት መልስ ከተለያየ ደግሞ በቅን ልቦና የተሳሳታችሁት ነገር እንደ ድብብቆሽ ይቆጠርባችኋል። ወላጆቻችሁን ጠይቁ። በልጅነት ደረቱ ያፍነው የነበረ ሰው ራሱ ላያስታውሰው ይችላል፤ እናቱ ግን አትረሳውም። ዕድሜውም ለውጥ ያመጣል፦ አንዳንድ ጦር፣ የአሜሪካው ለምሳሌ፣ ከ13ኛ ዓመት ልደት በኋላ የታየን አስም ከዚያ በፊት ከነበረው ለይቶ ነው የሚያየው።

እውነቱን ተናገሩ

አንዳንድ ሰው “ካልጠየቁህ አትናገር” ብሎ ይመክራችኋል። እኔ ይህን ምክር አጥብቄ እቃወማለሁ። የተደበቀ ሕመም ሥልጠና ላይ ሲወጣ ከሥልጠናው መባረር ይከተላል፤ በብዙ ቦታም ሐሰተኛ መረጃ መስጠት በሕግ ያስጠይቃል። ከሁሉ በላይ ግን የምትሄዱት መኮንን ለመሆን ነው። የሚጥል በሽታውን ደብቆ የገባ መኮንን ሌሊት በገደል አፋፍ ሠላሳ ሰው እየመራ ሳለ ቢወድቅ ጉዳቱ የእሱ ብቻ አይሆንም።

መናገር ማለት መውደቅ ማለት አይደለም። በብዙ ጦር ዘንድ መስፈርቱን በጥቂቱ ያላሟላ ሰው ጉዳዩ በሕክምና ቦርድ ታይቶ በልዩ ሁኔታ የሚፈቀድበት አሠራር አለ። ይህ ፈቃድ የሚገኘው ግን ፋይሉ የተሟላ ሲሆን ነው። ቦርዱ ፊት የሚቀርበው ወረቀታችሁ ነው፤ እናንተ በአካል ላትቀርቡ ትችላላችሁ።

ከዋናው ምርመራ በፊት በግላችሁ ተመርመሩ

ሦስት ወር ሲቀር አንድ አጠቃላይ ምርመራ በግላችሁ አድርጉ። ዋናው ቀን ላይ በድንገት ከምትሰሙት ቀድማችሁ ብትሰሙት ለማስተካከል ጊዜ ይኖራችኋል።

የደም ግፊት ብዙዎችን የሚያስደነግጥ ነው። 140 በ90 እና ከዚያ በላይ በአብዛኛው ከፍተኛ ተብሎ ይያዛል። ጤነኛ ሰውም ሐኪም ፊት ሲቀመጥ ከመጨነቅ የተነሳ ከዚያ ሊያልፍበት ይችላል። ይህ የሚያጋጥማችሁ ከሆነ ለአንድ ሳምንት ጠዋትና ማታ ቤት እየለካችሁ በወረቀት መዝግቡ። አለካኩ ሥርዓት አለው፦ ከመለካታችሁ በፊት ግማሽ ሰዓት ያህል ቡና አትጠጡ፣ ስፖርት አትሥሩ፤ ሽንታችሁን ሽኑ፤ ጀርባችሁን ደገፍ አድርጋችሁ፣ ሁለቱንም እግር መሬት አስነክታችሁ አምስት ደቂቃ ተቀመጡ፤ ክንዳችሁ በልብ ልክ ከፍታ ጠረጴዛ ላይ ይረፍ፤ እየተለካችሁም አታውሩ። እግር አጣምሮ ወይም ክንድ አንጠልጥሎ መለካት ብቻውን ቁጥሩን ከፍ ያደርገዋል።

ክብደትን በተመለከተ ብዙ ጦር የሚጠቀመው የክብደትና የቁመት ንጽጽር ነው። ክብደታችሁን በኪሎ ያዙና ቁመታችሁ በሜትር በራሱ ተባዝቶ ለሚመጣው ቁጥር አካፍሉት። 1.70 ሜትር ቁመትና 64 ኪሎ ያለው ሰው 64ን ለ2.89 ሲያካፍል 22 ገደማ ያገኛል። የዓለም ጤና ድርጅት ጤናማ የሚለው ከ18.5 እስከ 24.9 ያለውን ነው። ጡንቻ ያላቸው ሰዎች ከዚያ ሊያልፉ ስለሚችሉ አንዳንድ ጦር የወገብ ልክ ወይም የሰውነት ስብ መጠን ጨምሮ ይለካል። ከመስፈርቱ ውጭ ከሆናችሁ ዛሬውኑ ቀስ በቀስ ጀምሩ። በመጨረሻው ሳምንት ውሃ ከልክሎ ክብደት መቀነስ ሽንትና ደም ላይ ስለሚታይ አንዱን ልታልፉ ስትሉ በሌላው ትወድቃላችሁ።

ጥርሳችሁን አሳዩ፤ የተቦረቦረውን አስሞሉ። ጆሯችሁን አሳዩ፤ የተጠራቀመ ኩክ ብቻውን የመስማት ምርመራ ሊጥል ይችላል፤ በጥጥ እንጨት ከመጎርጎር ባለሙያ ቢያጸዳው ይሻላል። ሴት አመልካቾች የደም ማነስና የብረት መጠናቸውን ቢያስመረምሩ መልካም ነው፤ የብረት እጥረት ሩጫን የሚያዳክም ሲሆን ከሳምንታት እስከ ወራት በሚወስድ ሕክምና ይስተካከላል። በቤተሰባችሁ ሲክል ሴል የሚባለው የደም ችግር ካለ ተመርመሩ። ዘሩን የተሸከመ ሰው በዕለት ኑሮው ጤነኛ ነው፤ ከአቅም በላይ በሆነ ልምምድ፣ በተለይ በሙቀትና በከፍታ ቦታ፣ ለሕይወት የሚያሰጋ መዝለፍለፍ ሊገጥመው ስለሚችል ግን ራሱም አሠልጣኙም ቢያውቁት ነው የሚሻለው።

የምርመራው ሳምንት

እዚህ ላይ የራሴን ልንገራችሁ። ከምርመራው በፊት በነበረው ማታ አቅሜን ልፈትሽ ብዬ ዳገት ለዳገት ሮጬ ነበር። ጠዋት የሰጠሁት ሽንት ፕሮቲን ታየበት። ኩላሊቴ ታሟል ብዬ ስንት ሌሊት እንቅልፍ አጣሁ! ሁለተኛ ናሙና እረፍት አድርጌ ስሰጥ ንጹሕ ሆነ። ጠንካራ ልምምድ ፕሮቲንን፣ አንዳንዴም ደምን፣ ለአንድ ሁለት ቀን ሽንት ውስጥ ሊያሳይ እንደሚችል ያን ጊዜ አላውቅም ነበር። ከባድ ክብደት ማንሳት ደግሞ የጉበት ተብለው የሚለኩትን ኢንዛይሞች እስከ አንድ ሳምንት ድረስ ከፍ ሊያደርግ ይችላል፤ እነዚህ ኢንዛይሞች ጡንቻ ውስጥም ስላሉ ነው። ስለዚህ ከምርመራው በፊት ባሉት ሰባት ቀናት ክብደት አታንሱ፤ በመጨረሻዎቹ ሦስት ቀናት ከእርምጃ ያለፈ ነገር አትሥሩ።

ክሪያቲን የሚባለውን የጡንቻ ማሟያና “ጉልበት ይሰጣል” ተብሎ የሚሸጠውን ሁሉ ቀደም ብላችሁ አቁሙ። ክሪያቲን በኩላሊት ምርመራ ላይ ቁጥሩን ከፍ ያደርጋል፤ ሌሎቹም የልብ ምትና ግፊት የሚጨምር ነገር ሊኖራቸው ይችላል። ሐኪም ያዘዘላችሁን መድኃኒት ግን በራሳችሁ አታቁሙ፤ ማዘዣውን ይዛችሁ ሂዱ። ኮዴን ያለበት የሳል ወይም የሕመም ማስታገሻ የአደንዛዥ ዕፅ ምርመራ ላይ ሊታይ ስለሚችል አስቀድማችሁ አስመዝግቡ።

ኮንታክት ሌንስ የምታደርጉ አውልቁት፤ ለስላሳው ቢያንስ ጥቂት ቀን፣ ጠንካራው ደግሞ ሳምንታት ይፈልጋል፤ ልኩን ከመርማሪው ክፍል ጠይቁ። ከምርመራው በፊት ያለውን አንድ ቀን ተኩል ያህል ከጆሮ ማዳመጫ፣ ከሞተርና ከከባድ ሙዚቃ ራቁ። ኃይለኛ ድምፅ የሰማ ጆሮ ለሰዓታት ደንዝዞ ይቆያል፤ በዚያ ሁኔታ የሚለካው የመስማት አቅም የእናንተ እውነተኛ አቅም አይደለም።

የደም ምርመራው ባዶ ሆድ የሚጠይቅ ከሆነ ከ8 እስከ 12 ሰዓት ለሚሆን ጊዜ ከምግብ ተቆጠቡ፤ ውሃ ግን ጠጡ። የወር አበባ ላይ ከሆናችሁ ሽንት ከመስጠታችሁ በፊት ተናገሩ፤ ደሙ እንደ ሕመም እንዳይቆጠር ነው።

በምርመራው ክፍል

ቀለል ያለ፣ ቶሎ የሚወልቅ ልብስ ልበሱ፤ ሙሉ ቀን ሊፈጅ ስለሚችል ምሳና ውሃ ያዙ። ዓይን በሰሌዳ ላይ ባሉ ፊደላት ይለካል። ቀለም የመለየት ምርመራው በነጠብጣብ መካከል የተደበቀ ቁጥር ማንበብ ነው፤ ይህን ሰሌዳ ያዘጋጁት ጃፓናዊው የዓይን ሐኪም ሺኖቡ ኢሺሃራ ሲሆኑ በ1917 የታተመውም ለወታደር ምርመራ ታስቦ ከተጀመረ ሥራ ነው። ቀለም መለየት አለመቻል ለበረራ ዓይነቱ ሥራ በር ቢዘጋም ለሌሎች ክፍሎች ላይዘጋ ይችላል። መልሱን ሸምድዶ መግባት የሚባለውን አትሞክሩት፤ ሰሌዳዎቹ ተቀያይረው ይቀርባሉ።

የመስማት ምርመራው ላይ ጠባብ ክፍል ውስጥ ትቀመጣላችሁ፤ ድምፁ እጅግ ቀጭንና ሩቅ ነው። መስማታችሁን እርግጠኛ ባትሆኑም እንደሰማችሁ በመሰላችሁ ቅጽበት ቁልፉን ተጫኑ። ጉሮሯችሁን አትጥረጉ፣ መንጋጋችሁን አታላምጡ፤ የራሳችሁ ድምፅ ይሸፍነዋል።

መገጣጠሚያችሁን ሲያዩ እንደ ዳክዬ ቁጢጥ ብላችሁ እንድትራመዱ፣ በተረከዝና በጣት እንድትሄዱ፣ ጎንበስ ብላችሁ ጀርባችሁን እንድታሳዩ ይጠይቋችኋል። ቁጢጥ ብሎ መራመድ ያልለመደ ጤነኛ ሰው ሚዛኑን ስቶ ይወድቃልና ቤት ውስጥ ለሁለት ሳምንት ተለማመዱት። ወንዶች ብሽሽታቸው ተይዞ እንዲያስሉ ይደረጋል፤ ሄርኒያ፣ ማለትም አንጀት በሆድ ግድግዳ ክፍተት ወደ ውጭ መግፋቱ፣ መኖሩን ለማየት ነው። በዚህ ዓይነቱ ምርመራ ጊዜ ከእናንተ ጋር ተመሳሳይ ፆታ ያለው ሰው ክፍሉ ውስጥ እንዲገኝ መጠየቅ ነውር የለበትም፤ ጠይቁ።

ሐኪሙ የጠየቁትን መልሱ፤ አጭርና ሙሉ ይሁን። “ጉልበትህን ያምሃል?” ሲባል “አሁን አያመኝም፤ ከሦስት ዓመት በፊት ኳስ ስጫወት ወለም ብሎኝ በሦስት ሳምንት ድኗል፤ ወረቀቱ ይኸውና” ማለት ጉዳዩን እዚያው ይዘጋዋል።

“ለጊዜው ብቁ አይደለህም” ከተባላችሁ

ደንግጣችሁ አትውጡ። ምክንያቱን በጽሑፍ ጠይቁ፤ “ለጊዜው” ነው ወይስ “በቋሚነት” የሚለውን ለዩ፤ መቼ መመለስ እንደምትችሉ፣ ምን ማስረጃ እንደሚፈለግና ይግባኝ የሚቀርበው ለማን እንደሆነ እዚያው ጻፉ። ከዚያ ወደ ስፔሻሊስት ስትሄዱ ያን ወረቀት ይዛችሁ ሂዱ፤ ስፔሻሊስቱ “ጤነኛ ነው” ብሎ በደፈናው ከሚጽፍ ቦርዱ ለጠየቀው ጥያቄ ነጥብ በነጥብ ቢመልስ ይሻላል። ለምሳሌ ለአስም ጥርጣሬ የትንፋሽ ምርመራው ውጤት ራሱ እንጂ የሐኪሙ አስተያየት ብቻውን በቂ አይሆንም።

ሰውነታችሁን ስታዘጋጁ አጥንታችሁን ጠብቁት

ዝግጅቱ ውስጥ ሰው ሁሉ የሚሳሳተው እዚህ ነው። ልብና ሳንባ በሳምንታት ይበረታሉ፤ ጡንቻም ይከተላል። አጥንት ግን ወራት ይፈልጋል። በስድስተኛው ሳምንት ትንፋሻችሁ “ጨምር፣ ጨምር” ይላችኋል፤ አጥንታችሁ ግን ገና ራሱን አፍርሶ በመገንባት ላይ ነው፤ በዚያን ጊዜ ደግሞ ከወትሮው የሳሳ ነው። የመጀመሪያ ላይ ያነሳኋት ልጅ የተጎዳችው ሰውነቷ በጣም ቀለል ብሏት በነበረበት ወቅት ነው። ይህ ጉዳት ከወታደር ጋር ያለው ትውውቅ ረጅም ነው፤ ብራይትሃውፕት የተባለ የፕሩሲያ የጦር ሐኪም በሰልፍ ብዛት የወታደሮች እግር እንደሚያብጥ የጻፈው በ1855 ሲሆን ራጅ ከተገኘ በኋላ የአጥንት ስንጥቅ መሆኑ ታወቀ።

በመጀመሪያ ያላችሁበትን እወቁ። ቀላሉ መለኪያ ኬኔት ኩፐር የተባለው የአሜሪካ አየር ኃይል ሐኪም በ1968 ያስተዋወቀው የ12 ደቂቃ ሩጫ ነው፦ በ12 ደቂቃ የምትችሉትን ያህል ርቀት ሩጡና ሜትሩን መዝግቡ። በየስድስት ሳምንቱ ድገሙት። ከዚያ በሳምንት ሦስት ቀን ሩጡ፤ ሁለቱ እያወራችሁ የምትሮጡበት ቀስ ያለ ሩጫ ይሁን፣ አንዱ ብቻ ፈጣን። ርቀቱን በየሳምንቱ ጥቂት ጥቂት ጨምሩ፤ በየአራተኛው ሳምንት ቀንሱ። በቀሩት ቀናት ሁለት ጊዜ ፑሽ አፕ፣ ፑል አፕ፣ ቁጭ ብድግና የሆድ ልምምድ ሥሩ። ፑሽ አፑን ደረታችሁ መሬት ሊነካ እስኪቀርብ ዝቅ ብላችሁ ክንዳችሁን እስከ መጨረሻው ዘርግታችሁ ልመዱት፤ ፈታኙ ግማሹን አይቆጥርላችሁም።

ጓዝ ተሸክሞ መሄድ በሳምንት አንድ ቀን ይበቃል። በሰውነታችሁ ክብደት አንድ አሥረኛ ጀምሩ፤ 64 ኪሎ ለሆነ ሰው ስድስት ኪሎ ተኩል ገደማ ነው። መጀመሪያ ርቀቱን ጨምሩ፣ ቀጥሎ ክብደቱን፤ ሁለቱን በአንድ ሳምንት አትጨምሩ። ከባዱን ዕቃ ከላይ በኩል ጀርባችሁ አጠገብ አድርጉት። ጓዝ ይዛችሁ አትሩጡ። ካምፑ ውስጥ ሊያስሮጧችሁ ይችላሉ፤ ቤት ግን ጉልበታችሁን ከመጉዳት በቀር ትርፍ የለውም።

ቅልጥማችሁ ላይ ሕመም ሲሰማችሁ በጣታችሁ ጫን ጫን እያላችሁ ፈልጉት። ሕመሙ በረጅሙ ተበትኖ ከሆነ የጡንቻና የአጥንት ሽፋን ድካም ሊሆን ይችላል፤ ጥቂት ቀን እረፉ። በአንድ ጣት የምትጠቁሙት አንድ ነጥብ ላይ ከሆነ፣ ተኝታችሁም የሚያምማችሁ ከሆነ፣ ወይም በአንድ እግር መዝለል ካልቻላችሁ ሩጫውን በዚያው ቀን አቁሙና ሐኪም ዘንድ ሂዱ። ሴቶች የወር አበባችሁ ከቀረ ወይም ከተዛባ የምትበሉት ለምትሠሩት አላነሰም ወይ ብላችሁ ጠይቁ፤ በቂ ያልበላ ሰውነት ከአጥንትም ይቆጥባል።

እግርና ጫማ

ቡትሱን ሥልጠናው ሊጀመር አንድ ሳምንት ሲቀረው አትግዙ። ሁለት ወር ቀድማችሁ ግዙ፤ ማታ ማታ እግር አበጥ ስለሚል በማታ፣ የምታደርጉትን ካልሲ አድርጋችሁ ለኩት። ቤት ውስጥ በሰዓት ጀምራችሁ ቀስ በቀስ አለማምዱት። ውሃ መቋጠር የሚመጣው ከሙቀት፣ ከእርጥበትና ከፍትጊያ ነው፤ እግራችሁ ላይ የሚያቃጥል ቦታ እንደተሰማችሁ ቆማችሁ ፕላስተር ለጥፉበት፤ “ትንሽ ነው የቀረው” ብላችሁ አትለፉ። ጥፍራችሁን ቀጥ አድርጋችሁ ቁረጡ።

ሙቀትና ውሃ

ሰውነት ሙቀትን ለመልመድ ከ10 እስከ 14 ቀን ይፈልጋል። ሥልጠናው ሞቃት ቦታ ከሆነ ቀን ላይ፣ በቀላሉ ጀምራችሁ፣ በየቀኑ ደቂቃ እየጨመራችሁ ተለማመዱ። ውሃ ሲጠማችሁና ሽንታችሁ ሲጠቁር ጠጡ፤ ግን በሰዓት ከአንድ ሊትር ተኩል አታሳልፉ። ውሃ ማብዛትም ደም ውስጥ ያለውን ጨው አቅጥኖ ይገድላል፤ ምልክቱ ራስ ምታት፣ ማስመለስና መደናገር ስለሆነ ከጥም ጋር የሚያምታቱት አሉ።

አንድ ነገር በደንብ ያዙልኝ። ጓደኛችሁ በሙቀት ውስጥ እየሠራ መቀባዠር ወይም መንገዳገድ ከጀመረ የሙቀት ምት ነው ብላችሁ ተነሱ፤ የውስጥ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ አልፎ ሊሆን ይችላል። እርዳታ እያስጠራችሁ እዚያው አቀዝቅዙት፦ ልብሱን አውልቁ፣ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ንከሩት፣ ያም ካልተገኘ ውሃ እያፈሰሳችሁ አራግቡ። ማቀዝቀዝ ይቀድማል፣ ማጓጓዝ ይከተላል። ሽንታችሁ እንደ ጠቆረ ሻይ ከመጣና ጡንቻችሁ ካበጠ ደግሞ ጡንቻ እየፈረሰ ኩላሊት ላይ እየወረደ ሊሆን ስለሚችል በዚያው ሰዓት ለሐኪም ንገሩ።

የመኮንንነቱን ሥራ መለማመድ

ጥሩ ሯጭ ሆኖ ሥልጠናው ላይ የሚቸገር ሰው አለ፤ ለሰው ትእዛዝ መስጠት ስላልለመደ ነው። ሦስት ነገር ቤት ሆናችሁ ልመዱ።

ካርታና ኮምፓስ አንዱ ነው። የካርታው ሰሜንና የኮምፓሱ ሰሜን እንደሚለያዩ፣ ልዩነቱም ካርታው ጠርዝ ላይ እንደሚጻፍ እወቁ። የተለካ 100 ሜትር ላይ በተለመደው እርምጃችሁ ሂዱና ግራ እግራችሁ ባረፈ ቁጥር አንድ ብላችሁ ቁጠሩ፤ ብዙ ሰው 60ዎቹ ውስጥ ያገኛል። ዳገት ላይና በጨለማ ቁጥሩ ይጨምራል፤ ሦስቱንም ለክታችሁ ያዙ።

ሁለተኛው ትእዛዝ ማዘጋጀት ነው። በብዙ ጦር የተለመደው ቅርጽ አምስት ክፍል አለው፦ ሁኔታ፣ ተልዕኮ፣ አፈጻጸም፣ ስንቅና ትጥቅ፣ ዕዝና ግንኙነት። ከጓደኞቻችሁ ጋር ለእግር ጉዞ ስትወጡ ሞክሩት፦ “ወንዙ ሞልቷል፣ ድልድዩ ከላይ በኩል ነው። እስከ 4 ሰዓት አምስታችንም ተሻግረን ዛፉ ሥር እንገኛለን። ሁለት ሰው ቀድሞ ይሻገራል፣ ሁለቱ ይከተላሉ፣ እኔ ከኋላ ነኝ። እያንዳንዱ አንድ ኮዳ ውሃ ይያዝ። እኔ ከታመምኩ የሚመራው ከፊት ያለው ነው።” ከጨረሳችሁ በኋላ “ገባችሁ?” ብላችሁ አትለፉ፤ አንዱን መልሶ እንዲነግራችሁ አድርጉ። ስሕተቱ የሚታየው ያኔ ነው።

ሦስተኛው እንቅልፍ በጎደለበት ማሰብ ነው፤ ለዚህ ግን እንቅልፍ በማጣት አትለማመዱ። እስከ መግቢያው ቀን በየሌሊቱ 7 ወይም 8 ሰዓት ያህል ተኙ። መለማመድ ያለባችሁ በሰዓቱ መተኛትን፣ በሰዓቱ መነሳትንና ሲነሱ ልብስና ዕቃ የት እንዳለ በጨለማ ማግኘትን ነው።

የመጨረሻው ሳምንት

ልምምዱን በግማሽ ቀንሱ፤ አሁን የምትጨምሩት ጉልበት የለም፣ ጉዳት ብቻ ነው። የቴታነስና የሄፓታይተስ ቢ ክትባት የጎደላችሁ ከሆነ ይህ ቀደም ብሎ ማለቅ ነበረበትና ዛሬውኑ የጤና ክፍሉን አማክሩ። ከምርመራው በኋላ ጉንፋን፣ ወለምታ፣ አዲስ መድኃኒት ከኖረ ደውላችሁ አሳውቁ፤ ያለፋችሁት በምርመራው ቀን በነበራችሁ ጤና ነው። መነጽር የምታደርጉ ሁለት ያዙ። መድኃኒታችሁን በራሱ ማሸጊያ ከነማዘዣው ያዙ።

ያን ክላሰር በሙሉ ኮፒ አድርጉና ኮፒውን ቤት ለሚቀር ሰው ስጡ። ዋናውን ሻንጣ ውስጥ አትክተቱት፤ ሻንጣ ከመኪና ላይ ወርዶ ተለይቶ ሊሄድ ይችላልና በእጃችሁ ያዙት።